የሉባባ ልክ

ከበሩ ጀርባ፣ ከሚስማሩ ላይ፣ ተንጠልጥሏል ሸሚዙ።

ውሃ ሰማያዊ ነው። ትንሽ ነው። ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው የማለዳ ነፋስ በበሩ ስንጥቅ ሲገባ እጅጌዎቹ ቀስ ብለው ይነሳሉ፤ ቀስ ብለው ይወርዳሉ… ሰው የሌለበት ክንድ፣ ሰው የሌለበት ደረት፣ ሰው የሌለበት አንገት።

አምስት ቁልፎች አሉት። አምስቱም ተቆልፈዋል። ከላይ እስከ ታች፣ አንዱም ሳይዛነፍ።

የቆለፋቸው ይመር ነው። ሁልጊዜ ማታ ልጁ ሉባባ ስታወልቀው እሱ ይሰቅለዋል፤ ሰቅሎም አምስቱን ይቆልፋል። ሸሚዝ ሳይቆለፍ ከተሰቀለ ቅርፁን ያጣል፤ ልብስ ሰፊ ይህን ያውቃል። ጠዋት ይከፍታቸዋል። ያለብሳታል። ከዚያም ተንበርክኮ፣ ደረቷ ላይ፣ አንድ በአንድ እንደገና ይቆልፋቸዋል።

ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው። ይመር፣ ሚስቱ ዘሃራ፣ እና ሉባባ።

ከሦስቱ አንዳቸውም ለማንም አልተናገሩም።

* * *

ኮምቦልቻ፣ ከገበያው መግቢያ በስተግራ ባለው ረጅም በረንዳ ላይ፣ ይመር ልብስ ይሰፋል። ሃያ ስድስት ዓመት እግሩ መርገጫው ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው።

በነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ተምሯል… ሰው ሜትር ሲያይ ልኩን ይደብቃል።

ወንዱ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል። ሴቷ ትከሻዋን ታነሳለች። አጭሩ በጣቱ ይቆማል። ሊዋሽ ብሎ የሚመጣ የለም፤ ሜትሩ ሲነካው ብቻ፣ ሊሆን የሚመኘውን ይሆናል… ለአንድ ትንፋሽ ያህል።

ይመር አይቸኩልም። ሜትሩን ወገቡ ላይ እንዳዞረ ስለ ዝናቡ ይጠይቀዋል። ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። ሰውየው ሊመልስ አፉን ሲከፍት የያዘውን ትንፋሽ ይለቃል፤ ሆዱም ወደ ቦታው ይመለሳል። ያኔ ይለካል።

እስኪተነፍሱ ይጠብቃል። ሙያው ይኸው ነው።

«የአገሩን ሆድ ሁሉ ምስጢር ይዘሃል እኮ» ይለዋል ሙሄ፣ አጠገቡ የሚሰፋው ጎረቤቱ። «እኔ ብሆን ለየሚስቶቻቸው እነግር ነበር።»

«አንተማ ሳትጠየቅም ትናገራለህ» ይላል ይመር።

«ሳልጠየቅ ካልተናገርኩ ማን ይጠይቀኛል ብለህ ነው?»

ይመር ይስቃል። መርገጫውን ይረግጣል። መኪናው ይነሳል።

መኪናው ሲነሳም ከስር ሌላ ድምፅ ይነሳል።

* * *

ከስፌት መኪናው ስር፣ ከብጥስጣሽ ጨርቁ መሃል፣ እዚያ ነበር ቦታዋ።

ሉባባ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ናት፤ በብዙ ዱዓ፣ ዘግይታ የመጣች። ቃላት አሏት፤ ከአሥር አይበልጡም፤ እነሱንም ትቆጥባቸዋለች። ዜማ ግን ነበራት። መኪናው ማጉረምረም ሲጀምር እሷም ትጀምራለች… እምምም… ሲፈጥን ትፈጥናለች። ሲዘገይ ትዘገያለች። ክሩ ሊበጠስ ሲል፣ ይመር እንኳ ገና ሳይሰማው፣ ዜማዋን ከፍ ታደርጋለች። ያን ጊዜ እግሩን ያነሳል፤ ክሩን ያያል፤ ክሩ ሊበጠስ ነው።

ከላይ መኪናው፣ ከስር ሉባባ።

በረንዳው ሁሉ ያውቀው ነበር ያንን ድምፅ። ጨርቅ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏታል። አትመልስም። ታንጎራጉራለች። ዝናብ ሲዘንብ፣ ቆርቆሮው ሲጮህ፣ ሰው ከሰው መደማመጥ ሲያቅተው፣ ይመር በጉልበቱ ይሰማታል… ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ ታስደግፋለች፤ ዜማውም በአጥንቱ ውስጥ ያልፋል።

ከላይ መኪናው፣ ከስር ሉባባ።

በሰባት ዓመቷ ትምህርት ቤት ወስዷት ነበር። በሩ ላይ የነበረው መምህር ስሟን ጠየቃት። መሬት አየች። ጣቶችሽን ቁጠሪ አላት። ጣቶቿን አየች። «ትንሽ ትቆይ» አለው መምህሩ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። በዘጠኝ ዓመቷ ሌላ ትምህርት ቤት ወሰዳት። ሦስት ወር ተቀመጠች። በሦስተኛው ወር አስጠሩት።

«አትችልም። እቤት ትዋል።»

አትችልም…

ያቺን ቃል ይዞ ከገበያው ዳር እስከ ቤቱ ሄደ። እጇን በአንድ እጁ፣ ደብተሯን በሌላው እጁ፣ ያቺን ቃል በየትኛው እጁ እንደያዛት አያውቅም። ግን ይዟት ገባ። ደብተሩ አንድ ገጽ ብቻ ተሞክሮበት ነበር፤ መስመሮች… ወደ ላይ የወጡ መስመሮች፣ ወደ ታች የወረዱ መስመሮች… ዘሃራ ከቁርዓኑ መደርደሪያ በታች አስቀመጠችው። አልጣለችውም።

ከዚያ ወዲህ፣ ስለ ልጁ የጠየቀው ሰው ሁሉ ፊት፣ ይመር መጀመሪያ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ነው የሚመልሰው።

* * *

መምህርት ትርሲት ወደ በረንዳው የመጣችው ጉርድ ቀሚስ ልታሳጥር ነው።

ቆማ ስትጠብቅ ከስር የሚመጣውን ሰማች። ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች እንዳጎነበሰች።

«ይቺ ማናት?»

«ልጄ ናት።»

«ትማራለች?»

ይመር መቀሱን አነሳ። መቀሱን አስቀመጠ።

«እኛ ጋ ክፍል አለ» አለች ትርሲት፣ ለአባትየው ሳይሆን ለልጅቷ የምትናገር ይመስል። «የልዩ ፍላጎት ክፍል። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ዕቅድ እናወጣለን። ጋሼ እንደሚሠሩት ማለት ነው… በየልክ።»

ሉባባ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያም፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ያለ መኪናው፣ ጥቂት አንጎራጎረች።

ይመር ይህን አይቶ አያውቅም ነበር።

በዚያው ሳምንት ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ገዛ። ለራሱ ልጅ የዩኒፎርም ልክ ወሰደ። ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ደረቷን። ሉባባ ሜትር ሲነካት አትለወጥም። ሆዷን አትስብም፤ በጣቷ አትቆምም። ከለካቸው ሰዎች ሁሉ፣ በሃያ ስድስት ዓመት፣ ልኳን ያልደበቀች እሷ ብቻ ነበረች።

ያን ቀን ይህን አስተውሎ ነበር። በኋላ ረሳው።

* * *

መስከረም ነበር። አደይ በትምህርት ቤቱ አጥር ስር ወጥቶ ነበር።

ከጠረጴዛው ወዲህ ይመርና ዘሃራ። ከጠረጴዛው ወዲያ ትርሲትና ርዕሰ መምህሩ። ከመካከላቸው አንድ ወረቀት። የግል ትምህርት ዕቅድ ይላል ከላይ። ከስሩ ጥያቄዎቹ በተርታ ወርደዋል፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ሦስት ባዶ ሳጥኖች አሉ።

ለብቻዋ… በእገዛ… ገና…

ትርሲት አስረዳቻቸው። መጀመሪያ ልጅቷ አሁን ያለችበትን እንጽፋለን አለች። ከዚያ ተነስተን በዓመቱ መጨረሻ የምትደርስበትን እንጽፋለን። በመንፈቁ እንገናኛለን፤ ያልሄደውን እናስተካክላለን። ከናንተ በላይ የሚያውቃት የለምና እኔ የምጽፈው እናንተ የምትሉኝን ነው።

ዘሃራ ይህን ሁሉ ሰማች። ይመር የሰማው ግን በር ሲንቀሳቀስ ነው። ሦስቱን ሳጥኖች አየ። የመጀመሪያው ክፍት በር መሰለው። መካከለኛው ገርበብ ያለ። የመጨረሻው… የመጨረሻው ያን ጊዜ በሩ ላይ የቆመውን መምህር መሰለው። ትንሽ ትቆይ ያለውን።

«ሸሚዟን ትቆልፋለች?» አለች ትርሲት ከወረቀቱ እያነበበች።

ይመር ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

«ትቆልፋለች። ለብቻዋ።»

«ሽንቷ ሲመጣ ትናገራለች?»

«ለብቻዋ።»

«ትቆጥራለች?»

«አዎ… እስከ ሃምሳ።»

ከሃምሳ ለምን እንዳላለፈ አያውቅም። ከሃምሳ ለምን እንዳላነሰም አያውቅም። ምልክት ተደረገ። ሌላ ምልክት ተደረገ። ወረዱ ምልክቶቹ በመጀመሪያው ሳጥን፣ አንዱ ከአንዱ ስር፣ እንደ ቀጥ ያለ ስፌት።

ዘሃራ የሻሿን ጫፍ በጣቷ ላይ ትጠቀልል ነበር። ትጠቀልላለች። ትፈታለች። ትጠቀልላለች።

«እናቷስ፣ የሚጨምሩልን ነገር አለ?»

ባሏን አየችው። በቢሮ ጠረጴዛ ፊት ባል ከተናገረ በኋላ ሚስት አትጨምርም፤ እናቷም እንዲህ ነበረች፣ የእናቷም እናት።

«አባቷ እንዳለው ነው» አለች።

ፈረሙ።

ይመር የያዘውን ትንፋሽ የለቀቀው ከግቢው ወጥቶ፣ አጥሩን ካለፈ በኋላ ነው። እዚያ ውስጥ፣ እስኪተነፍስ የጠበቀው አልነበረም። ትርሲት ክፉ አልነበረችም። አሥራ ስምንት ልጆች ነበሯት። አሥራ ስምንት ወረቀቶች ነበሯት። በቢሮው በረንዳ ላይ ሌሎች አባቶች፣ ሌሎች እናቶች ተራ ይጠብቁ ነበር… ምናልባት እነሱም ትንፋሻቸውን እንደያዙ።

* * *

የመገናኛ ደብተር ይባላል። መምህርቷ ትጽፍበታለች፤ ወላጅ አንብቦ ይፈርምበታል፤ በማግስቱ በልጁ ቦርሳ ይመለሳል።

ጥቅምት ላይ እንዲህ አለ ደብተሩ፤ «ሉባባ ከስፖርት በኋላ ሸሚዟን መቆለፍ አልፈለገችም። ቤት የምታደርገውን እዚህም እንድታደርግ አበረታቱልኝ።»

አልፈለገችም።

ይመር ቃሉን አየው። ቃሉ ሌላ መሆን ነበረበት። ሌላው ምን እንደሆነ ያውቃል። እስክሪብቶ አነሳ… ፈረመ።

ኅዳር ላይ እንዲህ አለ ደብተሩ፤ «ዛሬም መቁጠር አልፈለገችም።»

ፈረመ።

ታኅሣሥ ላይ እንዲህ አለ ደብተሩ፤ «ሽንቷን መናገር አልፈለገችም። ልብሷ ረጥቧል። ልጆቹ ስቀውባታል፤ ተቆጥቻቸዋለሁ። ቅያሬ ላኩልን።»

ቅያሬ ሰፋ። ጉርዱንም ሸሚዙንም በአንድ ቀትር ሰፋው፤ ያው ውሃ ሰማያዊ፣ ያው ልክ፣ ያው አምስት ቁልፍ። አጥፎ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተው። ደብተሩን ከላዩ አደረገ። ከደብተሩ ላይ ፊርማው ነበር።

አልፈለገችም… አልፈለገችም… አልፈለገችም…

እያንዳንዱን አነበበ። እያንዳንዱን ፈረመ።

ጥር ገባ። ከቀትር በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እንደ ድሮው ከመኪናው ስር ትገባለች። እንደ ድሮው ብጥስጣሹ መሃል ትቀመጣለች። አንድ ቀን ይመር የሙሽራ ቀሚስ ይሰፋ ነበር፤ ረጅም ስፌት ነው፣ የማይቆም። ረገጠ። መኪናው ተነሳ። ግማሽ ድረስ ሰፋ። ከዚያ እግሩ ላይ አንድ ነገር ጎደለው።

አቆመ። እንደገና ረገጠ።

ከላይ መኪናው…

አቆመ። ቀስ አድርጎ ረገጠ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ ቀስ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። ሙሄ መስፋቱን አቁሞ አየው።

«ክር ነው?» አለው።

«አይ… ክር አይደለም።»

ጎንበስ አለ። ሉባባ እዚያው ነበረች። ጉልበቶቿን አቅፋ። አፏን ገጥማ። መኪናው እንኳ እንዳይሰማት የምትፈራ ይመስል።

ሙሄም መኪናውን ትቶ ጎንበስ አለ።

* * *

ዘሃራ እርጥብ ጉርድ ቀሚስ ታጥብ ነበር። ጓሮ፣ በጠራራ ፀሐይ። ይመር መጥቶ ቆመ። ቀና ብላ አላየችውም። ጨርቁን አንዴ ጨመቀችው። ሁለቴ ጨመቀችው።

«ልጄን በሌላ ልጅ ልክ ሰፋሃት» አለች።

ቀሚሱን ገመዱ ላይ ሰቀለችው፤ ውሃው መሬት ላይ ይንጠባጠብ ጀመር… ጠብ… ጠብ… ጠብ…

ይመር ቆሞ ቆጠረው። ሃምሳ አልሞላም።

* * *

የካቲት ነበር። አደዩ ከረገፈ ቆይቷል።

ከጠረጴዛው ወዲህ ይመርና ዘሃራ። ከጠረጴዛው ወዲያ ትርሲትና ርዕሰ መምህሩ። ከመካከላቸው ያው ወረቀት፣ ጠርዙ የተጠማዘዘ።

መጀመሪያ የተናገረችው ትርሲት ናት። ዕቅዱ አልሄደልንም አለች። ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም አለች። ቤት ትችላለች ተብሎ ስለተጻፈ፣ የሚችል ልጅ ከረዱት ይሰንፋል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ አለች። ከስፖርት በኋላ ሸሚዟ እንደ ተከፈተ ከፊቴ ትቆማለች… እኔም እጠብቃለሁ… እሷም ትጠብቃለች… ደወሉ እስኪደወል። ብዙ ቀን እንዲህ ሆነናል አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር።

ይመር ሸሚዙን በዓይነ ልቡናው አየው። ተከፍቶ። አምስቱ ቁልፎች በአንድ በኩል፣ አምስቱ ቀዳዳዎች በሌላ በኩል። በመካከላቸው የልጁ ደረት። ልጁ የምትጠብቀው የማንን እጅ እንደሆነ በዚያ ክፍል የሚያውቁት እሱና ዘሃራ ብቻ ናቸው።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የመገናኛ ደብተሩን ገልጦ ነበር።

«አቶ ይመር፣ አይክፋዎት» አለ። «አሥራ አንድ ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። ወንበሩ አንድ ነው። እዚህ የማየው ሁሉ አልፈለገችም ነው የሚለው። የማይፈልግን ልጅ ከምናስጨንቅ፣ ለሚፈልግ ብንሰጠው…»

በሩ ተንቀሳቀሰ። ይመር ሰማው። ለአምስት ወር ክፍት አድርጎ የያዘው የመሰለው በር፣ በገዛ ፊርማው ተገፍቶ ሊዘጋ ነበር።

«ቆይ» አለች ትርሲት። ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። «ከመጀመሪያው መስመር እንነሳ።»

እስክሪብቶዋን ያዘች።

«ጋሽ ይመር… ሸሚዟን ትቆልፋለች?»

ይመር ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

ትርሲት እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። አልደገመችም። አልረዳችውም። ስለ ዝናብ አልጠየቀችም፤ ስለ ምንም አልጠየቀችም። ጠበቀች… ውጪ ልጆች ኳስ ይመታሉ። ኳሱ ግድግዳውን መታ። ጠበቀች። ርዕሰ መምህሩ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችበት። ጠበቀች።

እስኪተነፍስ ጠበቀች።

ይመርም ተነፈሰ።

«እኔ ነኝ የምቆልፍላት» አለ።

ወደ ሚስቱ ዞረ። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ፣ በቢሮ ጠረጴዛ ፊት፣ አንዴም ያላለውን አለ።

«አንቺ ንገሪያቸው።»

ዘሃራ የሻሿን ጫፍ ለቀቀችው።

ነገረቻቸው። መስመር በመስመር ነገረቻቸው። መቆለፍ፣ ገና። መቁጠር፣ ገና። ሽንቷን መናገር፣ ገና። ጫማ ማድረግ፣ በእገዛ፤ ግራውን ከቀኙ ከለዩላት። መብላት፣ ለብቻዋ፤ ሾርባ ካልሆነ። ዓመታት ስታውቀው የኖረችውን፣ ማንም ያልጠየቃትን፣ እንደ ዕቃ አንድ በአንድ እያወጣች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱ ያልጠየቀውንም ተናገረች። ክር ሊበጠስ ሲል ታውቃለች አለች። ጨርቅ ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ ታጥፋለች አለች። መምህርቷን ትወዳት ነበር አለች… በመስከረም።

ትርሲት ጻፈች። የመጀመሪያው ሳጥን ባዶ ሆነ ማለት ይቻላል። ሞላ የመጨረሻው።

«ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቢመርጡ፣ የቱን ይመርጣሉ?»

«ሽንቷን» አለች ዘሃራ ወዲያው። «እንዳይስቁባት። ሌላው ይቆይ።»

ርዕሰ መምህሩ የመገናኛ ደብተሩን ቀስ ብሎ ከደነው። «እንግዲህ ይህ ሁሉ ስለ ሌላ ልጅ ነበር» አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። «እስከ ሰኔ እንይ።»

አዲሱ ዕቅድ ሦስት መስመር ብቻ ነበረው። ሽንቷ ሲመጣ የመምህርቷን እጅ መያዝ። ከአምስት ቁልፎች አንዱን መቆለፍ። መጥቶ ሰላም ለሚላት ሰው ቀና ማለት።

ሦስት መስመር። ለአንድ ዓመት የታሰበ፤ ከዓመቱ ግን ግማሹ የሄደ።

ፈረሙ። ዘሃራ ቀድማ ፈረመች።

* * *

በገበያው በኩል ተመለሱ።

ይመር አንዲት ልጅ ነበረችው። እስከ ሃምሳ የምትቆጥር። ሸሚዟን ለብቻዋ የምትቆልፍ። ሽንቷ ሲመጣ እጇን የምታወጣ። አምስት ወር ኖረች፤ ወረቀት ላይ ኖረች፤ በፊርማው ኖረች። አንዳንድ ቀን፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ ወደ ፊት ያያት ነበር… ስትቆጥር፣ ስታድግ፣ ከበረንዳው ፊት ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ፣ «አባ» ብላ እጇን ስታወዛውዝ።

ዛሬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀርታለች።

ድንኳን አልተተከለላትም። ጎረቤት አልመጣም። አላህ ያጥናህ ያለው ሰው የለም። ያልተወለደች ልጅ እንዴት ትለቀሳለች? ይመር ግን በገበያው መሃል፣ ከበርበሬው ተራ እስከ ጨርቁ ተራ፣ ሲያለቅስላት ሄደ። ዘሃራ አየች። እጁን አልያዘችም። ከጎኑ ግን አልራቀችም።

እቤት ደርሶ ከበሩ ጀርባ ሸሚዙን አወረደ። አምስቱን ትናንሽ ቁልፎች ተረተረ። ከዕቃ ሳጥኑ የካፖርት ቁልፎች ፈለገ፤ ሰፋፊ፣ ለትንሽ ጣት የሚመቹ። ቀዳዳዎቹን አሰፋ። ሸሚዙ አላማረም። በሰማያዊው ላይ ጥቁር ትልልቅ ቁልፎች፣ እንደማይገናኙ ዘመዶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሃያ ስድስት ዓመት ከእጁ የወጣ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ሸሚዝ የለም።

ሰቀለው።

* * *

መጋቢት… ሚያዝያ… ግንቦት…

በየጠዋቱ ይንበረከካል። አራቱን ይቆልፋል። አንዱን ይተወዋል። እጆቹን ከጀርባው ያጣምራል፣ ጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ እንዳያመልጡት። ሉባባ ቁልፉን ታያለች። አባቷን ታያለች። ጣቷን ቁልፉ ላይ ታደርጋለች፤ ታነሳለች። ይጠብቃል። የሰው ሆድ ወደ ቦታው እስኪመለስ ሲጠብቅ እንዲህ ከብዶት አያውቅም። ዘሃራ ከበሩ «ረፈደ» ትለዋለች። ይቆልፍላታል።

ደብተሩ ማታ ማታ ይመጣል። ቃሉ ግን ተለውጧል።

ገና። ፈረመ።

ገና። ፈረመ።

ገና። ፈረመ።

እውነት ነበርና እጁ አልከበደም። እውነት ነበርና ልቡ ከበደ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ እንዲህ አለ ደብተሩ፤ «ዛሬ እጄን ይዛ ወደ ሽንት ቤቱ በር ወሰደችኝ። በጊዜ ደርሰን ነበር።» ዘሃራ ሁለት ጊዜ አስነበበችው። በማግስቱ ልብሷ ረጥቦ መጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ አራት ቀን ደረሱ፤ ስድስት ቀን አልደረሱም።

ዜማዋ ግን አልተመለሰም።

ይመር ጠበቀው። ረጅም ስፌት ሲያገኝ ቀስ አድርጎ ይረግጣል፤ ሥራው ሲቸኩል እንኳ፣ ለአንድ አፍታ፣ እንግዳ ሊገባ ይችላል ብሎ በሩን ገርበብ እንደሚያደርግ ሰው፣ ቀስ አድርጎ ይረግጣል። ሙሄም አጠገቡ መኪናውን ያቆምለታል። ያዳምጣሉ ሁለቱም… ክር ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል አሁን። ይመር ጎንበስ ብሎ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እንደገና ያስገባል።

ከላይ መኪናው።

ከስር…

ከስር ብጥስጣሽ ጨርቅ፣ ሁለት ትናንሽ ጉልበቶች፣ ዝምታ።

* * *

ሰኔ ነበር። የትምህርቱ መጨረሻ ቀን። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፣ ዝናቡ ግን ገና አልወረደም።

ይመር ከበረንዳው ወደ ቤት የመጣው የረሳውን ጠመኔ ሊወስድ ነው። ዘሃራ ጓሮ ነበረች። ሉባባ ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ልብሷን ቀይራ፣ ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። ጠመኔውን አነሳ። ሊወጣ በሩን ሳብ አደረገ።

ከበሩ ጀርባ፣ ከሚስማሩ ላይ፣ ተንጠልጥሏል ሸሚዙ።

እሱ አልሰቀለውም። ዘሃራም አልሰቀለችውም፤ ዘሃራ እዚህ ሚስማር ላይ አትሰቅልም፣ የእሱ ሚስማር ነው። በአንገቱ አልተሰቀለም፤ በአንድ እጅጌው ነው የተሰቀለው፣ ተንሻፎ። ከምንጣፉ ዳር የነበረው በርጩማ ወደ ግድግዳው ተጠግቷል።

ነፋሱ በስንጥቁ ገባ። እጅጌው ቀስ ብሎ ተነሳ… ቀስ ብሎ ወረደ።

አምስት ቁልፎች አሉት። አራቱ ተከፍተዋል። ሦስተኛው ተቆልፏል… በሁለተኛው ቀዳዳ። ጨርቁ እዚያ ላይ ተጨማዷል፤ አንዱ ወገን ወደ ላይ ወጥቷል፣ ሌላው ወደ ታች ወርዷል፤ ኮሌታው ዘሟል።

ማታ ማታ አባቷ ሸሚዙን ሲሰቅል፣ ሰቅሎም ሲቆልፍ፣ ከምንጣፉ ላይ ሆና ታየው ነበር። ዓመቱን ሙሉ ታየው ነበር። ደረቷ ላይ ሲሆን ጣቷ የሚፈራውን፣ እዚህ፣ ሰው የሌለበት ደረት ላይ፣ ሞክራዋለች።

ሃያ ስድስት ዓመት። ጠማማ ስፌት አይቶ እጁ ዝም ብሎ አያውቅም። የሰው ልብስ እንኳ ቢሆን፣ መንገድ ላይ እንኳ ቢሆን፣ የዛነፈ ኮሌታ ሲያይ ጣቱ ይበላዋል። አሁንም እጁ ተነሳ። ከቁልፉ ፊት ደረሰ። እዚያ ቆመ።

ከኋላው ሉባባ ትተነፍሳለች… ትገባለች… ትወጣለች ትንፋሿ። ዜማ አልነበረም። ትንፋሽ ብቻ ነበር። ይመር አዳመጠው።

እጁን መለሰ።

ከቦርሳዋ የመገናኛ ደብተሩን አወጣ። የመጨረሻው ገጽ ነበር፤ ትርሲት ለመልካም ክረምት ሁለት መስመር ጽፋበታለች። ከስሩ፣ ወላጅ በሚፈርምበት ቦታ፣ ይመር በጠመኔ በነጣ ጣቱ እስክሪብቶውን ያዘ። ከፊርማው በፊት ቀኑን ጻፈ። ከቀኑ ቀጥሎ «አንድ ቁልፍ» ብሎ ጻፈ። «ያለቦታው» ብሎ ጻፈ።

ሌላም አንድ ቃል ጨመረ። ከዚህ በፊት በገዛ አፉ ብዙ ጊዜ ያለውን፣ በገዛ እጁ ግን ጽፎት የማያውቀውን።

ለብቻዋ።